ለመንገድ ስንነሳ መብራታችንን እንይ



ዐረፋ ሲቃረብ የጉራጌ አገር መንገዶች ይጨናነቃሉ። ሱቁን ዘግቶ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ጠይቆ፣ ልጆቹን አስከትሎ የሚመጣው ሕዝብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደየትውልድ መንደሩ ይጎርፋል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ለመስቀል እንደሚሰበሰቡት ሁሉ እኛም ለዐረፋ እንሰበሰባለን። በዚህ ጉዞ ላይ ከአውቶቡሱና ከሚኒባሱ ጎን ለጎን ቁጥሩ ከዓመት ዓመት እየበዛ የመጣው ሞተር ሳይክል ነው። ባል ይነዳል፤ ሚስት ከኋላ ትቀመጣለች፤ በመካከላቸው ሕፃን ይታቀፋል፤ ከበስተኋላ ደግሞ ስኳሩ፣ ቡናውና ለእናት የተገዛው ነጠላ ይታሰራል።

ዛሬ ልናነሳው የፈለግነው ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ጭነት መካከል ትንሹን ዕቃ ይመለከታል፤ እርሱም የፊት መብራት አምፖል ነው። ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ትዳር በምናነብበት ገጽ ላይ ስለ አምፖል መጻፍ ለአንዳንዶች እንግዳ ሊመስላቸው ይችል ይሆናል። ነገር ግን ከኋላችን የምትቀመጠው ባለቤታችን፣ ከፊታችን በእግሩ የሚመጣው መንገደኛ፣ ሌሊት ልጅ አዝላ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሮጠው እናት ሁሉም በዚያች በጣት በምትያዝ ብልቃጥ ላይ ደኅንነታቸው የተንጠለጠለ ነው። ግመልን ስለ ማሰር የሚናገረውን ሐዲስ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። በእኛ ዘመን ግመሉ ሞተር ሳይክል ሆኗል፤ ማሰሪያውም ብዙ ነው።

መንገዳችን

እኛ በወልቂጤ ከተማ የምናስተምር፣ ዘመድ አዝማዳችን ግን በቡታጅራና በዙሪያዋ የሚኖር ሦስት መምህራን ነን። ሦስታችንም ከሱብሒ በኋላ መድረሳ፣ ከዚያም የመንግሥት ትምህርት ቤት እየተመላለስን ያደግን ነን። ወልቂጤ በአዲስ አበባና በጅማ መንገድ ላይ ከአዲስ አበባ 158 ኪ.ሜ. ገደማ ርቃ ትገኛለች። ቡታጅራ ደግሞ በዓለም ገናና በጢያ አድርጎ ወደ ደቡብ በሚወርደው ሌላ መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪ.ሜ. ገደማ ላይ ነች። በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ወልቂጤ የጉራጌ ዞን መቀመጫነቷን ይዛ ስትቀጥል፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች።

በሁለቱ ከተሞች መካከል የጉራጌ ተራሮች ቆመዋል። አናታቸው የሆነው የዘቢዳር ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,500 ሜትር ያልፋል። በዋናው አስፋልት ልዙር ያለ ሰው ወደ አዲስ አበባ መዳረሻ ወጥቶ እንደገና መውረድ አለበት፤ ይህም ከ200 ኪ.ሜ. በላይ ነው። ስለዚህ እኛ የምንመርጠው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ካለበት ከጉብሬ ተነስቶ፣ በአገና በኩል ደጋውን አቋርጦ ወደ ቡታጅራ የሚወርደውን መንገድ ነው። ግራና ቀኙ እንሰት ነው፤ ወጣ ሲሉ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያም ብርድና ጉም ይቀበላል። በእኛ አነዳድ፣ የሶላቱንና የእረፍቱን ጊዜ ጨምሮ፣ ከሦስት ሰዓት ያላነሰ ይፈጃል።

ዐረፋ በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚሄድ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደፊት ይቀድማል። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ 9፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ግንቦት 29 ቀን ውሏል። ይህም ማለት በእነዚህ ዓመታት ጉዟችን ከክረምቱ መግቢያ ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይጥላል፤ ዝናቡ ሲያባራ ጉሙ ከገደሉ ተነስቶ መንገዱ ላይ ይተኛል።

ዓይን እስከሚያይ ድረስ

አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትጠልቃለች፤ ምሽቱም እንደ ሰሜኑ ዓለም አይዘገይም። በሰኔ ወር ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ45 አካባቢ ትገባለች። መግሪብ ተሰግዶ ሱናው ሲያልቅ ተራራው ጠቁሯል። ከዚያ በኋላ ነጂው የሚያየው ሞተሩ የሚያሳየውን ያህል ብቻ ነው።

ለተማሪዎቻችን በሰሌዳ ላይ የምናሠራት አንዲት ቀላል ስሌት አለች። በሰዓት 60 ኪ.ሜ. የሚነዳ ሰው በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። አንድ ነገር ድንገት ሲያይ፣ ነገሩን ለይቶ እጁና እግሩ ፍሬኑን እስኪይዙ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ያልፋል፤ በዚህ ጊዜ ብቻ 25 ሜትር ሄዷል። ከዚያ በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ 25 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በጠቅላላው 50 ሜትር ማለት ነው። በሰዓት 40 ኪ.ሜ. ከሆነ ግን ወደ 28 ሜትር ይወርዳል። መንገዱ ከራሰ ወይም ኮረኮንች ከሆነ ሁለቱም ይጨምራሉ። እንግዲህ መብራቱ 30 ሜትር ብቻ የሚያሳየው ሰው በ60 ቢነዳ፣ ያየውን ነገር ከመምታቱ በፊት መቆም አይችልም። አህያም ሊሆን ይችላል፤ ሰውም ሊሆን ይችላል። በአገራችን በመንገድ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት መካከል እግረኞች ከፍተኛውን ድርሻ እንደሚይዙ የታወቀ ነው።

አምፖል ደግሞ አንድ ቀን ድንገት ከመጥፋቱ በፊት ቀስ በቀስ ይደክማል። የዚህ ዓይነቱ አምፖል ብርሃን ከሚደርሰው የኤሌክትሪክ ግፊት ጋር እኩል አይወርድም፤ እጅግ ቀድሞ ይወርዳል። የዛገ ሽቦ ወይም የላላ ሶኬት ከቮልቱ አሥር በመቶውን ቢያስቀር፣ ብርሃኑ 30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ነጂው ግን ዓይኑ በየቀኑ ስለሚለምደው አያስተውለውም። ከመካከላችን የአንዱ ባለቤት ባሏን ከበር ቆማ ስትጠብቅ ከርማ፣ አንድ ምሽት «ከሩቅ ሳይህ የእጅ ባትሪ ይዞ በእግሩ የሚመጣ ሰው መስለኸኝ ነበር» አለችው። በማግሥቱ ሶኬቱ ሲፈታ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ተገኘ። ባለቤቲቱ መካኒክ አይደለችም፤ ነገር ግን ከውጭ ሆና የምታይ እርሷ ነበረች።

ሐሙስ ማታ

ለረጅም ጉዞ ዓርብ ወይም ቅዳሜ የምንነሳ ከሆነ፣ ሐሙስ ማታ የሦስታችንም ሞተሮች አንድ ግቢ ይገባሉ። ቀኑን የመረጥነው ሆን ብለን ነው። አንድ ነገር ጎድሎ ቢገኝ ሱቅ የሚከፈትበት አንድ ቀን ከፊታችን መኖር አለበት። በጉዞው ቀን ጠዋት የተገኘ ጉድለት ወይ ይታለፋል፣ ወይ በችኮላ ይታሰራል።

በመጀመሪያ አምፖሉ ላይ የተጻፈውን እናነባለን። በአገራችን የሚነዱት ብዙዎቹ አነስተኛ ሞተር ሳይክሎች 12 ቮልት፣ 35/35 ዋት የሆነ አምፖል ይይዛሉ። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ብልቃጥ ውስጥ ያሉትን ሁለት ክሮች ያመለክታሉ፤ አንዱ ለአጭር፣ ሌላው ለረጅም መብራት ነው። 35 ዋት በ12 ቮልት ወደ ሦስት አምፔር የሚጠጋ ኃይል ይስባል። ለመኪና የተሠራው 60/55 ዋት አምፖል ግን ወደ አምስት አምፔር ይስባል። «ይበልጥ ያበራል» ተብሎ ይሸጣል፤ ትንሹ ሞተር ግን ያን ያህል ኃይል አያመነጭም። ሽቦው ይግላል፤ ሶኬቱ ይቀልጣል፤ ከፕላስቲክ የተሠራው የመብራት ገበቴም ይጠቁራል። የመኪና ጭነት ለአህያ አይጫንም።

ሁለተኛ፣ ቁልፉን ዘግተን መብራቱ እስኪቀዘቅዝ አሥር ደቂቃ ያህል እንጠብቃለን፤ የዚህ አምፖል ብርጭቆ ሲሠራ ቆዳ ይልጣልና። ከዚያ የመብራቱን ሽፋን የያዙትን ብሎኖች በካቻቪቴ ፈትተን ወደፊት እናወጣዋለን። ሶኬቱ ወደ ኋላ ይነቀላል፤ የጎማው ቆብ ይገፈፋል፤ አምፖሉን የያዘው ሽቦ ተጨቁኖ ይለቀቃል። አምፖሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚገቡ ሦስት ጥርሶች ስላሉት አልገባ ካለ ማስገደድ አያስፈልግም፤ አዙሮ መሞከር ነው።

የወጣውን አምፖል ወዲያው አንጥለውም፤ እናነበዋለን። ብርጭቆው ንጹሕ ሆኖ ክሩ ብቻ ተበጥሶ ከሆነ ዕድሜና የመንገዱ መንቀጥቀጥ ነው። ብርጭቆው ከጠቆረ አምፖሉ አርጅቷል፣ ወይም ከአቅሙ በላይ ቮልት ሲደርሰው ቆይቷል። እንደ ወተት ከነጣ አየር ገብቶበታል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የሚመጣው ቮልት ከተገቢው በአምስት በመቶ ብቻ ቢበልጥ የአምፖሉ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ያጥራል። ስለዚህ በየወሩ አምፖል የሚያቃጥል ሞተር ችግሩ ከአምፖሉ ላይሆን ይችላል። በቴስተር ሲለካ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሩ ተነስቶ ጋዝ ሲሰጠው ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መሆን አለበት። 15ን ካለፈ ሬጉሌተሩ መታየት ይኖርበታል።

ሦስተኛ፣ አዲሱን አምፖል ብርጭቆውን ሳንነካ፣ ከብረቱ ብቻ ይዘን በንጹሕ ጨርቅ እናስገባለን። የጎማው ቆብ በደንብ ካልተመለሰ አቧራና ውኃ ገብቶ የመብራቱን መስታወት ያጨልማል።

አራተኛ፣ ብርሃኑን ወደ ግድግዳ እናስተካክላለን። ሞተሩን ከግድግዳው አምስት ሜትር እናርቃለን፤ ነጂው ይቀመጥበታል፤ ከኋላ የሚሄደው ሰውና ዕቃም ይጫናል። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ጭነት ከኋላ ሲጫን አፍንጫው ይነሳል፤ ባዶውን ሞተር ይዞ የተስተካከለ መብራት በጭነት ጊዜ የመጪውን ዓይን ይወጋል። የአጭሩ መብራት የላይኛው ጠርዝ ግድግዳው ላይ ከመብራቱ መካከል ከፍታ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ማረፍ አለበት።

በመጨረሻ ልጆቹ ይጠራሉ። ሕፃናቱ ከኋላ ተሰልፈው ፍሬን ሲያዝ «በራ!»፣ ሲለቀቅ «ጠፋ!» እያሉ ይጮኻሉ። ፍሬቻ ሲሰጥ ቀኙን ከግራው ይለያሉ። ነጂ የኋላ መብራቱን ራሱ ሊያይ አይችልምና ይህ የልጆች ሥራ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከመካከላቸው አንዷ የስድስት ዓመት ልጅ «የአባዬ ቀዩ አይበራም» ብላ ተናግራ ያስተካከልንበት ምሽት አለ።

የመድረሳው ፋኖስ

ብርጭቆውን በጣት ስላለመንካት ለወጣት ነጂዎች ስንናገር ብዙዎቹ ይስቃሉ። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። የጣታችን ቅባት በብርጭቆው ላይ ይቀራል፤ አምፖሉ ሲግል ያ ቦታ ከሌላው ይበልጥ ይሞቃል፤ ብርጭቆውም ከዚያ በኩል ይዳከማል። በስህተት ከተነካ በአልኮል ጠርጎ ማድረቅ ይበቃል።

እኛ ግን ይህን ትምህርት ሞተር ሳይክል ከመንካታችን ከብዙ ዓመት በፊት ተምረነው ነበር። በልጅነታችን የማታ ቂርአት የምንቀራው በፋኖስ ነበር። ኡስታዛችን ከመግሪብ በፊት የፋኖሱን ብርጭቆ የሚያጸዳ ተረኛ ይመድቡ ነበር። ተረኛው ብርጭቆውን በአመድ ወልውሎ፣ በደረቅ ጨርቅ አድርቆ፣ ጠርዙን ብቻ ይዞ ይመልሰዋል። ጣቱን ያሳረፈ እንደሆነ ሙቀቱ ቅባቱን ያጠቁረውና ጥላው ለውሑ ላይ ይወድቃል። ኡስታዙ ተረኛውን አይቆጡም ነበር። «ይህ የማን ጥላ ነው?» ብለው ብቻ ይጠይቃሉ። ያኔ በአንድ ልጅ ጣት ምክንያት ሃያ ልጅ ፊደሉን አጥርቶ ሊያነብ አለመቻሉን ሁላችንም እናያለን።

ኋላ በመንግሥት ትምህርት ቤት ስለ ብርሃንና ስለ ሙቀት ስንማር ነገሩ አልከበደንም። ዛሬም በክፍል ውስጥ የተቃጠለ አምፖል ይዘን ስንገባ፣ ተማሪዎቻችን ከመጽሐፉ ሥዕል ይልቅ በእጃቸው የያዙት የተበጠሰ ክር ይበልጥ ያስተምራቸዋል። ሁለቱ ትምህርት ቤቶቻችን በእኛ ውስጥ ተጣልተው አያውቁም። አንዱ መብራቱ እንዴት እንደሚሠራ ነገረን፤ ሌላው መብራቱ ለማን እንደሆነ ጠየቀን።

«ረጅሙ ይሠራል እኮ!»

በ2016 ዓ.ም. የዐረፋ ጉዟችን ይህ ጥያቄ በደጃችን መጣ። በዓሉ እሑድ ነበርና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለመነሳት ወስነናል። ሐሙስ ማታ ሞተሮቹን ስንፈትሽ የታናሻችን የፊት መብራት አጭሩ አልበራ አለ። አምፖሉ ወጥቶ ሲታይ ጠቁሯል። ረጅሙ ግን ቦግ ብሎ ይሠራል።

ዓርብ ጠዋት ሱቅ ለሱቅ ዞርን። በዓል በመሆኑ የሚፈለገው ዓይነት አምፖል አልቋል። አንዱ ነጋዴ ለመኪና የሚሆነውን 60/55 አወጣ፤ ሌላው ዓይን የሚያጠፋ ኤል ኢ ዲ አሳየን። ኤል ኢ ዲ ለራሱ በተሠራ መብራት ውስጥ መልካም ነገር ነው፤ ለክር አምፖል በተሠራ ገበቴ ውስጥ ርካሹን ሲሰኩት ግን ብርሃኑ ወዲያና ወዲህ ይበተናል። መካኒኩ ደግሞ በቴስተር ለክቶ ባትሪው ላይ ከ15 ቮልት በላይ አገኘ። ሬጉሌተሩ ሄዷል። ስለዚህ አምፖል ብናገኝ እንኳ አዲሱም ላይቆይ ነው።

ወንድማችን ያን ዓመት የመዘግየት ነገር ከሁላችንም ይልቅ የሚከብደው ነበር። አባቱ በክረምቱ ወደ አኼራ ሄደዋል። አባቱ ለኡድሒያ ከስድስት ጎረቤቶቻቸው ጋር ሆነው በሬ የሚገዙ ነበሩ። ቅዳሜ ጠዋት ሰባቱ ገበያ ወጥተው በሬውን መርጠው ዋጋ ይቆርጣሉ። በዚያ ዓመት የአባቱን ቦታ ይዞ የሚቆመው እርሱ ነበር፤ ሽማግሌዎቹም ይጠብቁታል። ለአንድ ወጣት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«ረጅሙ ይሠራል እኮ!» አለን። «በእርሱ እሄዳለሁ።»

ታላቃችን ቀስ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ለአንተማ ይሠራል። ከፊትህ ለሚመጣው ነው የማይሠራው» አለው።

እውነት ነበር። ያን ምሽት በዚያ ጠባብ የተራራ መንገድ ላይ ሚስትና ልጅ ጭነው የሚመጡ ሰዎች ብዙ ነበሩ። ረጅም መብራት ዓይኑን የመታው ሰው ለጥቂት ሰከንዶች ምንም አያይም፤ በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ደግሞ ሞተሩ መሄዱን አያቆምም። ጠርዙ ገደል በሆነ ቦታ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገዱን ለሚያውቅ መንገር አያስፈልግም። በጉም ውስጥ ደግሞ ረጅም መብራት ለነጂውም ጠላት ነው፤ ብርሃኑ ከጉሙ ላይ ተመልሶ እንደ ነጭ ግድግዳ ዓይኑ ላይ ይቆማል።

«እንግዲያው መብራቴን አጥፍቼ በእናንተ መካከል ልሂድ፤ አንዳችሁ ከፊት፣ አንዳችሁ ከኋላ» አለ።

ይህንንም አሰብንበት። ነገር ግን የፊተኛው ሞተር ኩርባውን ሲታጠፍ ብርሃኑ አብሮት ይታጠፋል፤ የኋለኛው ብርሃን ደግሞ የራሱን የነጂውን ጥላ ከፊቱ ይጥልበታል። በመካከል ያለው ሰው ሁለት መብራት እያለው በጨለማ የሚሄድ ነው። ከእኛ ጋር እንዳይፈናጠጥ አንዱ ሞተር ባለቤቱን፣ ሌላው ዕቃ ይዟል። ተሳፋሪ መኪናውም ሞልቷል።

ታናሻችን ዝም አለ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለእናቱ ደወለ። ድምፃቸው ለሁላችንም ይሰማ ነበር። ነገሩን ሲነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።

«በሬ በየዓመቱ ይገዛል» አሉ በመጨረሻ። «በቀን ና።»

አጎቱ በእርሱ ቦታ ገበያ እንዲወጡ ተነገራቸው። ሦስታችንም ዓርብ ማታ ወልቂጤ አደርን፤ አንዱን ትቶ ሁለቱ መሄድ አልታየንም። ከአዲስ አበባ አንድ ዘመዳችን አምፖሉንና ሬጉሌተሩን ገዝቶ ቅዳሜ ማለዳ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ላከልን። ዕቃው ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ፤ መካኒኩ ገጠመው፤ ቴስተሩ 14.2 አሳየ፤ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ተነሳን። አገና አካባቢ ጉም ጠበቀን፤ አጭር መብራታችንን አብርተን፣ ፍጥነታችንን ቀንሰን አለፍነው። ዙህርንና ዐስርን አቀናጅተን ሰግደን ቡታጅራ ስንገባ ገና ቀን ነበር። የዐረፋን ቀን ጾም ሁላችንም ከቤተሰቦቻችን ጋር አፈጠርን።

በመንገድ ላይ አንዳች ነገር አልደረሰብንም። ከማንም ጋር አልተጋጨንም፤ ከማንም ጋር ልንጋጭ ስንል አልተረፍንም። ውድ አንባብያን ምናልባት አንድ አስደንጋጭ ነገር ጠብቃችሁ ይሆናል። ነገር ግን የጥንቃቄ ነገር እንዲህ ነው፤ ያልደረሰ አደጋ የሚተረክ ታሪክ የለውም። ዓርብ ሌሊት በዚያ ኩርባ ላይ በወንድማችን መብራት ዓይኑ ሊታወር ይችል የነበረው ሰው ማን እንደሆነ አናውቅም። እርሱም እኛን አያውቀንም። በሰላም ቤቱ ገብቶ በዓሉን አክብሯል።

ወንድማችን ግን አንድ ነገር ቀርቶበታል፤ ይህንን መሸፋፈን አንፈልግም። በአባቱ ቦታ ቆሞ በሬ የሚመርጥበት የመጀመሪያው ጠዋት አልፎታል፤ እርሱም አይመለስም። እሑድ ከሶላት በኋላ ከስድስቱ አንዱ አዛውንት ወደ እርሱ መጥተው፣ «አባትህም በጨለማ አይጓዝም ነበር» አሉት። ሌላ አላሉም። እርሱም ቢላውን ተቀብሎ ወደ ሥራው ሄደ።

ለቤተሰቦች ጥቂት ቃል

ወላጆች፣ ልጃችሁ ከሩቅ አገር ሲመጣ «ቶሎ ድረስ» የሚለው ቃል ከአፋችን ቶሎ ይወጣል። ናፍቆት ነውና አይፈረድብንም። ነገር ግን ያ ቃል በልጁ እጅ ላይ ጋዝ ይሆናል። «በቀን ና» የሚለውን ብንለምድ ምንኛ መልካም ነው!

ሚስቶችና እህቶች፣ የመብራቱን መደብዘዝ ቀድማችሁ የምታዩት እናንተ ናችሁና ያያችሁትን ተናገሩ። ስትፈናጠጡም ነጣ ያለ ልብስ ወይም ነጠላ ብትደርቡ ከኋላ የሚመጣው ቀድሞ ያያችኋል፤ ጫፉ ግን ወደ ሰንሰለቱና ወደ ጎማው እንዳይገባ ተጠንቅቃችሁ ሰብስቡት።

ወጣቶች፣ ለቦሎ ሲሉ በዓመት አንድ ጊዜ መብራት ማየት አይበቃም። አንድ ትርፍ አምፖል ከነካርቶኑ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከካቻቪቴው ጋር በሞተሩ ዕቃ መያዣ ውስጥ ይቀመጥ። ከሩቅ መብራት ሲመጣ ካያችሁ ረጅሙን ቀድማችሁ አጥፉ። መጪው ባያጠፋ እንኳ እናንተ አጥፉ፤ ሁለት የታወሩ ሰዎች ከአንድ አይሻሉምና። ዓይናችሁንም ከመብራቱ አንስታችሁ ወደ መንገዱ ቀኝ ጠርዝ አድርጉ።

ሐሙስ ማታ ግቢያችን ውስጥ ሞተሮቹ ተደርድረው፣ ልጆቹ «በራ! ጠፋ!» ሲሉ የሚሰሙ ጎረቤቶች መጀመሪያ ላይ ይገረሙ ነበር። ባለፈው ረመዳን ሁለቱ የራሳቸውን ሞተር ይዘው መጡ። ቦታው ጠበበን፤ ግድግዳው ግን ለሁላችንም በቂ ነው።

አላህ መንገዳችንን የቀና፣ መድረሻችንን የሰላም ያድርግልን። ወቢላሂ ተውፊቅ።